ከኋላ የሚቆም

«…ለልጁ ሲባል እናቆየው።»

ይህን ያለው ማን እንደነበረ ኒቭ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አያውቅም። ያኔ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትኩሳት ይዞት ሰንብቶ፣ ከሚኖሩባት ተጎታች ቤት፣ ከካራቫኑ ጥግ፣ በግራጫ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እናቱ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች። ሦስት ይሁኑ አራት ሽማግሎች ከበራፉ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። አንደኛው ያስላል። «ሰውዬው ከተቀበሩ ወር አለፋቸው» አለ አንዱ፤ ወይም «ወር ሊሞላቸው ነው» ይሆናል ያለው። ሌላው ደግሞ «ልጁ እንዲህ ወድቆባት ምን አቅም አላት» አለ። ከዚያ ሳል። ከዚያ ያ ቃል። ልጁ የተባለው እሱ እንደሆነ ገብቶታል፤ የሚቆየው ነገር ግን ዳቦ ይሁን መድኃኒት አላወቀም። ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ። እንደ ተኛ ሰው መተንፈስን የተማረው ያን ቀን ነው።

ከዚያ የሚያስታውሰው ሠርግ ነው። እናቱ ካሣነሽ ብርቱካንማ ሸሚዝ ለብሳ ትከሻዋን ትሰብቃለች፤ ሰው ሁሉ ከቦ ያጨበጭብላታል፤ ፊቷን ስታዞርላቸው ፈገግ ይላሉ፣ ፊቷን ስትመልስ መሬት መሬቱን ያያሉ። ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ሳይነጋ እነዚያው ሽማግሎች መጡና አባቷ ጎንደር ላይ መሞታቸውን አረዷት። ከኋላዋ የቆመ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ሌላው የቆመ መስሎታል። ካሣነሽ ወደ ኋላዋ ወደቀች፤ የካራቫኑ የብረት ደረጃ ተቀበላት። ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ አለ፤ ሻሿ ይሸፍነዋል። ቁስሉስ ዳነ። አባቷ አፈር ከገቡ በኋላ ሰው እያወቀ አስጨፈራት፤ ያ አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ትሄዳለች፣ ስጦታዋን ትሰጣለች፣ ትበላለች፣ ከወንበሯ ግን አትነሳም።

ኒቭ አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ኒቭ ያሉት መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ነው፤ እቤት መንግስቴ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከሕንፃው ሲወርድ የእናቱ አጎት ቄስ ገዳሙ ከዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ነጭ ጥምጥማቸው እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነው። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ሰፈራቸው ቂርያት ሞሼ ገና አልሞቀም፤ የቆሻሻ መኪናው ከላይኛው መንገድ እያጓራ ይወርዳል።

«እንደምን አደርህ መንግስቴ።»

«እግዜር ይመስገን አባባ። እንደምን አደሩ?»

«ይመስገነው። ወዴት ነህ በጠዋቱ?»

«ማርሞሬክ። እናቴ አልጋ ልትገዛ ቀድማኝ ሄዳለች፤ ልሸከምላት ነው።»

«አልጋ» አሉ ቄስ ገዳሙ።

«ለአክስቴ ለይርገዱ። ዘንድሮ ለመምጣት ስሟ ይወጣል ተብሎ የለ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። «ይርገዱ አረፈች ልጄ። ባለፈው ሳምንት ነው። ትናንት ማታ ተደወለልኝ።»

ኒቭ አንድ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ። ይርገዱ የእናቱ ታናሽ እህት ናት። እነሱ ወደ ኢየሩሳሌም አገር በአውሮፕላን ሲመጡ እሷ ወደ ኋላ ቀርታ፣ ጎንደር ከተማ በኪራይ ቤት ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ ኖራለች። ፊቷን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ድምፅዋን ነው። በየወሩ እናቱ የስልክ ካርድ ፍቃ ትደውልና መጨረሻ ላይ ታቀብለዋለች። «መንግስቴ፣ አድገሃል?» ትለዋለች ይርገዱ። «አድጌያለሁ» ይላታል። «እደግልኝ» ትለዋለች። ካርዱ ያልቃል። ከዚህ በላይ ተነጋግረው አያውቁም። አሁን የሚሰማው የቆሻሻ መኪናው ነው። የጣቶቹን ጫፍ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋቸው። ግድግዳ ከመውጣት ብዛት ቆዳቸው ወፍሯል፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አያቃጥላቸውም።

«ነገ ዓርብ ነው፣ ሰንበት ላይ ልቅሶ አናስገባም» አሉ ቄስ ገዳሙ። «እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ ሥራ ሳትወጣ እናርዳታለን። የአሽዶዶቹ ዘመዶቻችንም ይደርሳሉ። አንተ ግን ከዚያ በፊት፣ በሌሊቱ ትበራለህ አሉኝ።»

«አዎ። ስሎቬንያ፣ ለግድግዳ መውጣቱ ውድድር። ለሁለት ሳምንት።»

«እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ትቀርና ከኋላዋ ትቆማለህ። ወይ ትሄዳለህ፣ እኛ ከአዲስ ዓመት በዓላት በኋላ እናደርገዋለን። አገሩ ሁሉን ነገር ከበዓላት በኋላ አይደል የሚለው።»

«ሌላ ሰው ቢቆምስ?»

«ማን ይቁም? ዘመዳችን አንዳርጌ ወገቡን ታሟል። እኔ እንደምታየኝ ነኝ። አባትህ የለ፣ ሌላ ልጅ የላት። ባዕድ ከያዛት ትታገላለች፤ በትግል ነው ሰው የሚሰበረው። ያን ጊዜ ያየነው ይበቃል።» በለሆሳስ ጨመሩ፦ «ብትሄድም አልፈርድብህም። ለአንተ ሲባል እናቆየዋለን። ግድ የለም። ብቻ እስከ ማታ ቁርጡን ንገረኝ፤ ሰው እጠራለሁ።»

ግራጫው ብርድ ልብስ አፍንጫው ላይ ሸተተው። ሌላ ምንም አልተሰማውም። «ቤሰደር፣ እሺ አባባ» አለና ተነሣ።

ማርሞሬክ ሰፈር ከአሮጌዎቹ ግቢዎች በአንዱ፣ ከሎሚ ዛፍ ሥር፣ እናቱ ከአንዲት የመናዊት አሮጊት ጋር ስትከራከር ደረሰ። አልጋው የብረት ነው፣ ክሬም ቀለም የተቀባ፣ ከራስጌው ዝገት ጀምሮታል። ካሣነሽ ዝገቱን በጥፍሯ እየፋቀች ታሳያለች። መቶ ሃምሳ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃምሳ። ሁለቱም ዕብራይስጥ የሚናገሩት ከሌላ አገር እንዳመጡት ዕቃ ነው፤ ይሠራል፣ ግን መያዣው ለየብቻ ነው። «ልጄ የተኛበት አልጋ ነው፣ ሁለት ጦርነት ሄዶ በሰላም ተመልሶበታል» ትላለች አሮጊቷ። «እኔ ለጦርነት አይደለም፣ ለእህቴ ነው» ትላለች ካሣነሽ። «ከጎንደር ትመጣለች። አሥራ ስድስት ዓመት ጠበቀች።» አሮጊቷ ይህን ስትሰማ ወደ ቤት ገብታ ትራስ ይዛ ወጣች። «መቶ ስጪኝ። ይህን በነጻ። እኔም እህቴን ከየመን፣ ከኤደን ጠብቄአለሁ።» «መጣችልሽ?» አለች ካሣነሽ። አሮጊቷ የሎሚ ዛፉን እያየች «በሰላም ትግባልሽ» አለች።

አልጋውን ፈታትተው፣ ከጎረቤት በተዋሱት የሱቅ ጋሪ ላይ ጫኑት። እሷ ከፊት ትጎትታለች፣ እሱ ከኋላ ይገፋል፤ ትራሱን በብብቱ ይዞታል። አስፋልቱ መሞቅ ጀምሯል። ካሣነሽ ዛሬ ወሬዋ ብዙ ነው። አንሶላ ከገበያው፣ ከሹክ፣ በርካሽ እንዳገኘች፣ የምታጸዳበት ቤተ ሙከራ ያለችው ፕሮፌሰር ደግሞ አሮጌ ማራገቢያ እንደምትሰጣት፣ ይርገዱ ሙቀት እንደማትችል።

«አንተ ሆዬ» አለችው ዞር ሳትል፣ «እኛ ከተራራ ወርደን መጣን፤ አንተ ገንዘብ ከፍለህ ትወጣለህ። ይርገዱ ይህን ስትሰማ ምን ትል ይሆን።»

«ምን ትላለች?»

«‹እንዳይወድቅ ያዢው› ነዋ የምትለው። ፈሪ ናት።» ሳቀች። «ቤን ጉርዮን ከአውሮፕላኑ ስትወርድ እጨፍራለሁ። እዚያው፣ ፖሊሱ እያየኝ።»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ አትጨፍሪም።»

«ለሷ እጨፍራለሁ። ትከሻዬ ዝጓል እንጂ። የተናኜ ልጅ ሠርግ ከአዲስ ዓመቱ፣ ከሮሽ ሃሻና በፊት አይደል? እዚያ እለማመዳለሁ።»

ጋሪው ከጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጨና ቆመ። ኒቭ ብረቱን በትከሻው አንስቶ አሻገረው። እናቱ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ከሻሿ ሥር የጠባሳው ጫፍ ትንሽ ወጥቷል። አሁን እነግራታለሁ ብሎ አሰበ። ከዚያ፣ እዚህ መንገድ ላይ፣ ጋሪ ይዛ፣ ብሎ አሰበ። ከዚያ የሚያስበውን ተወ። ትራሱ ብብቱን አላበው።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ነስ ጺዮና ሄደ። የሚለማመዱበት ግድግዳ ከኢንዱስትሪ ሰፈሩ መጨረሻ ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። እጅ እንዳያልብ የሚቀቡት ነጭ ዱቄት አየሩን ሞልቶታል፤ ማቀዝቀዣው ያጓራል እንጂ አያቀዘቅዝም። አሠልጣኙ ኢታይ መሬት ላይ ተቀምጦ ሐብሐብ ይበላል። የኒቭ ጥንድ ኤፍራት ናት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከታች ገመድ ይይዛል። ስሎቬንያም አብረው ነው የሚሄዱት። ለኒቭ ይህ የመጨረሻው የወጣቶች ውድድር ነው፤ በኅዳር ወደ ጦር ሠራዊቱ፣ ወደ ጻባ፣ ይገባል፣ ወታደርነቱን ሲጨርስ ዕድሜው ያልፋል።

ሰሞኑን የሚታገለው አንድ ቦታ ነው። ከጣሪያው በታች፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ከሚያዘነብልበት ላይ፣ እጅ የማይደርስበት ቀይ መያዣ አለ። እግርን ለቅቆ መዝለል ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ጡንቻው አላነሰውም። በየቀኑ በሁለት ጣት እየተንጠለጠለ አድጓል፤ ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ቀንሶ ከርሟል። እዚያ ሲደርስ ግን ቆሞ ያስባል። አሁን ነው? ትንፋሼን ልሰብስብ? ግራ እግሬን ትንሽ ከፍ ላድርግ? ኢታይ ይህን ሲያይ ይናደዳል። «እጅህ እንደ ስልክ ባትሪ ነው» ይለዋል፤ «ብታወራበትም ባታወራበትም ያልቃል። ውሳኔ መሬት ላይ ነው የሚወሰነው። እላይ ያለው ማመን ብቻ ነው።» ማመን ሲባል ኒቭ የሚታዩት ቄስ ገዳሙ ናቸው። ክረምት ከበጋ ሌሊት እየተነሡ፣ በረንዳቸው ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። አምና አንድ ቀን «አባባ፣ ሁልጊዜ ያምናሉ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «ሁልጊዜማ ማን ያምናል» አሉት። «ሁልጊዜ ግን እነሣለሁ።»

ዛሬም ወጣ። ሰውነቱ መንገዱን ያውቀዋል፤ እጁ የሚሄድበትን ሳያየው ይሄዳል። ከቀዩ መያዣ በታች ደረሰና ቆመ። ክንዱ በድካም መወጠር ጀመረ። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው ጥያቄ እዚያም ተከትሎት መጣ፤ ዝላዩና አልጋው አንድ ላይ ተደባለቁበት። ሳይዘል፣ ሳይወርድ፣ እንደ ተንጠለጠለ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ገመዱ ያዘው። አየር ላይ ሲወዛወዝ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንጠልጠልም መጨረሻው ይኸው ነው።

«ወደቅክ ወይስ ለቀቅክ?» አለው ኢታይ።

«አላውቅም።»

«እዚያ ‹አላውቅም› የሚባል የለም፣ ሐቢቢ። ያላ፣ ቶሎ ተቀያየሩ።»

ኤፍራት ወጣች፤ እሱ ያዘ። ገመድ ሲይዝ ኒቭ ሌላ ሰው ነው። አያስብም። ዓይኑ እላይ ነው፣ እጁ እንደሚፈልገው ይሰጣል፣ ይስባል። ኤፍራት ቀዩ መያዣ ጋ ስትደርስ ዘለለች፣ በጣቷ ጫፍ ነካችው፣ ወደቀች። አልጮኸችም። ገመዱ እሷ ሳትወድቅ ቀድሞ የጠበቀ ያህል ነበር። ወርዳ ጫማዋን ስትፈታ «አንተ ስትይዘኝ ዓይኔን ብጨፍን ግድ የለኝም» አለችው። «ስትወጣ ግን ታሳዝናለህ።»

«እንደምትወድቂ በምን አወቅኩ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ጉልበቴን የምታይ ይመስለኛል። መጀመሪያ የሚከዳኝ እሱ ነው።»

ኢታይ ሲወጡ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት እንዳትዘገዩ» አላቸው። ኒቭ ቦርሳውን አነገተ። የሚናገረው ነገር እንዳለው ያውቅ ነበር፤ ግን ገና የትኛው እንደሆነ አላወቀም።

እቤት ሲደርስ እናቱ አልጋውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ጠብቃዋለች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። አዲሱ አልጋ የሚገባው እሱ ክፍል ውስጥ፣ በእሱ አልጋና በመስኮቱ መካከል ነው፤ ሲገባ ለመተላለፍ ጎን ብሎ መሄድ ግድ ሆነ። ብሎኖቹን እሱ አጠበቀ። ከታች ልጆች ኳስ ይመታሉ፣ ከላይ ቤት ሽንኩርት ይጠበሳል። ካሣነሽ አዲሱን አንሶላ ከላስቲኩ አወጣች፤ የእጥፋቱ መስመር አልጠፋ ብሏት በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰችው። የየመናዊቷን ትራስ ከራስጌ አስቀመጠች።

«እስቲ ተኛበት» አለችው። «ቁመቷ እንዳንተ ነው።»

«እማዬ፣ ላብ በላብ ነኝ።»

«ተኛበት አልኩህ። ይጮህ እንደሆን ልስማ።»

ተኛ። ጣሪያውን አየ። እናቱ ከእግሩ ጋ ቁጭ አለች፤ አልጋው አልጮኸም። ከሩቅ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ዛሬ ቄስ ገዳሙን ከሱቁ በር አየኋቸው» አለች። «ሰላም ብለውኝ ማዶ ተሻገሩ። ሌላ ጊዜ ወሬያቸው አያልቅም ነበር። እግራቸውን አሟቸው ይሆን?»

ኒቭ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኖቹ እንደ ተጨፈኑ፣ ደረቱ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ እንደሚል አስተዋለ። ሳያስበው እንደ ተኛ ሰው እየተነፈሰ ነበር። እናቱ የተኛ መስሏት ተነሣች። መጋረጃውን ሳበችለት፣ በእግሯ ጣት እየረገጠች ወጣች፣ በሩን ገርበብ አደረገችው።

በሙት ሰው አልጋ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ አንሶላውን አስተካከለና ወረደ።

ቄስ ገዳሙ የሚኖሩት ከሁለተኛው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። የማታ ጸሎታቸውን ጨርሰው ነጠላቸውን እያጠፉ አገኛቸው። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለው ኦሪት አለ፣ ከጎኑ ስልኩ። የበዓል ጃንጥላቸው ከምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። «ግባ» አሉት። ሻይ ይጠጣ እንደሆን ጠየቁት፤ አልፈልግም አለ።

«እሁድ ይሁን አባባ።»

«ውድድሩስ?»

«ኢታይን ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ።»

«ሌላ ጊዜ ይገኛል?»

«አይገኝም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይገኛል፣ እግዜር ያውቃል፣ ምናምን አላሉም። «እኛ እንደሆን ማቆየት እንችል ነበር» አሉ። «ለአንተ ሲባል።»

«ያን ጊዜም ለልጁ ሲባል ነው የተባለው» አለ ኒቭ። «ከዚያ ጨፈረች።»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ተኝቼ አልነበረም።»

ቄስ ገዳሙ ለመናገር ሞከሩ፤ ሳል ቀደማቸው። ረጅም፣ ደረቅ ሳል ነው። ኒቭ ከካራቫኑ በራፍ ያውቀዋል። ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው፤ ጠጡ፤ አፋቸውን በነጠላው ጫፍ ጠረጉ።

«እጅህን አምጣ» አሉት በመጨረሻ። አገላብጠው አዩት፤ ጥፍሩ ከሥሩ የተቆረጠ ነው፣ ከመስመሮቹ ውስጥ ነጩ ዱቄት አልወጣም። «ይሆናል። አየህ፣ ፊቷን ልትቧጭር እጇን ስታነሣ ከላይ እንዳትይዛት፤ በብብቷ ሥር ግባ። ከደረትህ አስጠጋት። ‹አይዞሽ› አትበላት፣ ምንም አትበላት። ታልቅስ። ብቻ መሬት እንዳትደርስ።»

«ቤሰደር።»

«ቤሰደር አይደለም፣ ይህ ልምምድ ይፈልጋል።» ዱላቸውን ከጠረጴዛው አስደግፈው ተነሡ፤ ወንበሩን በእግራቸው ወደ ጎን ገፉት። ጀርባቸውን ሰጡት። «ያዘኝ።»

«አባባ፣ ኧረ ይተዉ።»

ጥምጥማቸው ከአገጩ በታች ነው፤ አንገታቸው ቀጭን ነው። ከዚያ እንደ ቆሙ ራሳቸውን ለቀቁ። ኒቭ ያዛቸው፤ ግን ተረከዙ ተንሸራተተ፣ ጠረጴዛው ተነቃነቀ፣ ዱላው ወድቆ ጮኸ። አሮጌው ሰውነት በእጁ ላይ ከጠበቀው ይልቅ ከብዶ ተቀመጠ። የጎድን አጥንታቸው በጣቶቹ ጫፍ፣ በዚያ በወፈረው ቆዳ በኩል፣ አንድ በአንድ ተሰማው። ልባቸውም ተሰማው።

«ዘገየህ» አሉት፣ ከክንዱ ሳይነሡ። «ምን ጠበቅህ?»

«እስኪወድቁ።»

«ጩኸቱን አትጠብቅ፣ ውድቀቱንም አትጠብቅ። ጉልበቷን እይ። መጀመሪያ የሚከዳት እሱ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ኒቭ። ድምፁ ትንሽ ተሰብሯል። አቆማቸው፤ ጥምጥማቸውን አስተካከለላቸው፤ ዱላውን ግን አላነሣውም።

«እሁድ ትቆማለህ?»

«እቆማለሁ።»

«እንግዲያው አንዴ ደግመህ ያዘኝ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡት።